ያንኑ ቤት ደግሞ መጠየቅ

አሜሪካ ውስጥ የቤት ዋጋ ወሬ በተነሳ ቁጥር አንድ ስም አብሮ ይነሳል፤ ኬስ-ሺለር። የቤት ዋጋ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ በየወሩ ይወጣል። የቤት ዋጋ ይህን ያህል ጨመረ፣ ይህን ያህል ወረደ ይባላል። ባንኮች ይጠብቁታል፤ ቤት ለመግዛት ገንዘብ የሚያጠራቅመው ሀበሻም ዜናውን ይሰማል። ሺለር የሚባለው የዬል ዩኒቨርሲቲው ሮበርት ሺለር ነው። በ2013 በኢኮኖሚክስ ኖቤል ከተሸለሙት ሦስት ሰዎች አንዱ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ኬስ ግን ማን ነው? ኢኮኖሚክስ የተማሩ ጓደኞቼን ስጠይቅ አብዛኞቹ አያውቁትም። ሙሉ ስሙ ካርል ኬስ ነው፤ የሚቀርቡት ሰዎች «ቺፕ» ይሉት ነበር። ከ1976 ጀምሮ 34 ዓመት ያስተማረው ከቦስተን ወጣ ብሎ በሚገኘው ዌልስሊ ኮሌጅ ነው። ዌልስሊ የሴቶች ኮሌጅ ነው። ተማሪዎቹ 2,400 ገደማ ናቸው። የዶክትሬት ፕሮግራም የለውም፤ የሚያስተምረው ለመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ነው። በዓለም ላይ በጣም ከሚጠቀሱት የኢኮኖሚ መለኪያዎች አንዱ ግማሽ ስሙን ያገኘው ከእንዲህ ያለ ትንሽ ቦታ ነው።

እኔ የምኖረው ቦስተን አካባቢ ነው። ኢኮኖሚክስ የተማርኩት ግን አገር ቤት ነው። ስለ ኬስ ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ ሐሳቡ አልለቅ ብሎኛል። እኛ አገር «ምርምር» ሲባል ቶሎ የሚታሰበን ትልቅ ዩኒቨርሲቲ፣ ትልቅ በጀት፣ የውጭ ፕሮጀክት ነው። ይህ ሰው ግን ቁጭ ብሎ ያስተምር የነበረ መምህር ነው። የጠየቀውም ጥያቄ ከደጁ ያገኘውን ነው።

እንዲህ ያሉትን ኮሌጆች አሜሪካኖች ሊበራል አርትስ ኮሌጅ ይሏቸዋል። ዊሊያምስ፣ አምኸርስት፣ ስዋርትሞር፣ ፖሞና፣ ካርልተን፣ ግሪኔል ከእነሱ መካከል ናቸው። ብዙዎቹ በትንንሽ ከተማ ውስጥ ያሉ፣ ተማሪና መምህር በስም የሚተዋወቁባቸው ቦታዎች ናቸው። ባክኔል ዩኒቨርሲቲ ቢባልም ወደዚሁ ዓይነት ያደላል፤ ፔንስልቬኒያ ውስጥ ነው። እኛ ዘንድ ስሙ የተሰማው ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ እዚያ ኢኮኖሚክስ ያስተምሩ ስለነበር ነው።

እዚያ የሚሠራ የኢኮኖሚክስ መምህር ሕይወት በትልቅ ዩኒቨርሲቲ ካለው ይለያል። ፈተና የሚያርምለት፣ ቁጥር የሚያሰላለት የዶክትሬት ተማሪ የለውም። ረዳቶቹ የ19 እና የ20 ዓመት ልጆች ናቸው። ጠዋት የመግቢያ ኮርስ ያስተምራል፤ ከሰዓት ቢሮው በር ላይ ተማሪ ይጠብቀዋል። ቋሚ መምህር ለመሆን ግን በደንብ ማስተማር ብቻ አይበቃውም። ማሳተምም አለበት። ሁለቱንም ይጠይቁታል። በየጥቂት ዓመቱ ከማስተማር የሚያርፍበትና ጥናቱን የሚሠራበት ሳባቲካል ይሰጡታል።

ከዚህ ሁሉ በላይ እኔን የሚስበኝ ሌላ ነገር ነው። እነዚህ ሰዎች አንድ ቦታ ይቆያሉ። ብዙዎቹ ሥራ በጀመሩበት ኮሌጅ ጡረታ ይወጣሉ። አንድ ጥያቄ ይዘው ሃያና ሠላሳ ዓመት መመላለስ ይችላሉ። አንዳንድ ጥያቄ ደግሞ በዚህ መንገድ ካልሆነ አይመለስም።

ወደ ኬስ ልመለስ። በ1980ዎቹ አጋማሽ የቦስተን የቤት ዋጋ እብደት ይዞት ነበር። ሰዉ በየቡና ቤቱ የሚያወራው ስለ ቤት ነበር። ኬስ የአሥር ከተሞችን የአሥር ዓመት መረጃ ይዞ አንድ ነገር ሊያሰላ ተነሳ። ገቢ፣ የሥራ ዕድል፣ ወለድ፣ የግንባታ ወጪና የመሳሰሉት ነገሮች ብቻቸውን የቦስተንን ዋጋ ምን ያህል ሊያስጨምሩት ይገባ ነበር? መልሱ 15 በመቶ ገደማ ሆነ። ዋጋው ግን በ1988 ጣሪያ እስኪነካ ድረስ ከ140 በመቶ በላይ ወጣ። በ15 እና በ140 መካከል ያለው ምን ይሆን? ይህ ጥያቄ እስከ ዕድሜው መጨረሻ አልለቀቀውም። የመጀመሪያው ጽሑፍ በ1986 የቦስተን ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ በሚያሳትመው መጽሔት ላይ ወጣ።

ጥያቄውን ለመመለስ ግን መጀመሪያ ዋጋውን በትክክል መለካት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የሥራው ውበት ያለው እዚህ ነውና።

አዲስ አበባን እንውሰድ። በአንድ ወር ውስጥ የተሸጡት ቤቶች አብዛኞቹ ቦሌና ሲኤምሲ ያሉ ቪላዎች ናቸው እንበል። በሚቀጥለው ወር ደግሞ የተሸጡት ኮንዶሚኒየሞች ናቸው። አማካዩን ዋጋ ብትወስዱ «የቤት ዋጋ በአንድ ወር ውስጥ ግማሽ በግማሽ ወረደ» ይላችኋል። እውነቱ ግን የአንድም ቤት ዋጋ አልወረደም። የተለወጡት የተሸጡት ቤቶች ናቸው። የተገላቢጦሹም ይሆናል፤ ሀብታሞች ብቻ በሚገዙበት ዓመት ዋጋ የናረ ይመስላል።

መፍትሔው አንድን ቤት ከሌላ ቤት ጋር አለማወዳደር ነው። ቤቱ የሚወዳደረው ከራሱ ጋር ነው። ይህ ቤት በ1975 ስንት ተሸጠ? ያው ቤት በ1983 ስንት ተሸጠ? በመካከሉ ፎቅ ከተጨመረበት ወይም ሌላ ትልቅ ለውጥ ከተደረገበት ይወጣል፤ ያው ቤት አይደለምና። እንዲህ ሁለት ጊዜ የተሸጡ ቤቶችን በብዛት ከሰበሰብክ በኋላ ከመካከላቸው የጋራ የሆነውን የዋጋ እንቅስቃሴ ታወጣለህ። ሐሳቡ በ1963 በሌሎች ሰዎች የቀረበ ነው። ኬስና ሺለር ያሻሻሉት አንድ ነገር አለ። በሁለቱ ሽያጮች መካከል ያለው ጊዜ በረዘመ ቁጥር ቤቱ ላይ ብዙ ነገር ደርሶበታል። ጣሪያው ያፈስ ይሆናል፤ ሰፈሩ ተለውጦ ይሆናል። ስለዚህ ረጅም ጊዜ ለቆየው ጥንድ ትንሽ ክብደት ሰጡት።

ከአትላንታ፣ ከቺካጎ፣ ከዳላስና ከሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ከ1970 እስከ 1986 ድረስ የነበረውን መዝገብ አገላብጠው ወደ 40 ሺህ የሚጠጉ ሁለት ጊዜ የተሸጡ ቤቶች አገኙ። በ1989 ባሳተሙት ጥናት ያገኙት ውጤት ብዙዎችን አስገረመ። ዘንድሮ ዋጋ የጨመረበት ከተማ በሚቀጥለውም ዓመት የመጨመር ዝንባሌ አለው። የመማሪያ መጽሐፍ ግን ገበያ ያለውን መረጃ ሁሉ ወዲያው ዋጋው ውስጥ ያስገባል ይላል። እንዲያ ቢሆን ኖሮ ትናንት የሆነው ነገር ስለ ነገ ምንም ሊነግረን ባልተገባ ነበር። የቤት ገበያ እንዲያ አይደለም።

ከዚያ ደግሞ ብዙ ኢኮኖሚስት የማያደርገውን አደረጉ። ሰዎቹን ጠየቋቸው። በ1988 በአራት አካባቢዎች በቅርቡ ቤት ለገዙ ሰዎች መጠይቅ በፖስታ ላኩ። ቦስተን፣ ሳን ፍራንሲስኮ፣ ሎስ አንጀለስ አጠገብና ሚልዋኪ። ሚልዋኪ የተመረጠችው ግርግር ያልነበረባት ከተማ በመሆኗ ነው፤ ለማነጻጸሪያ። ወደ 900 ሰዎች መለሱ። ቤትዎ በሚቀጥሉት አሥር ዓመታት በየዓመቱ ምን ያህል የሚጨምር ይመስልዎታል? ካሊፎርኒያ ያሉት ገዢዎች በአማካይ ከ14 በመቶ በላይ አሉ። በየዓመቱ 14 በመቶ ማለት በአሥር ዓመት ውስጥ ከሦስት እጥፍ በላይ ማለት ነው። በ15 እና በ140 መካከል ያለው ክፍተት ውስጥ ምን እንዳለ እዚህ መታየት ጀመረ። ሰው የሚገዛው ይጨምራል ብሎ ነው፤ የሚጨምረውም ሰው ስለሚገዛ ነው።

ይህንን መጠይቅ አንድ ጊዜ ልከው አልተውትም። በ2003 እንደገና ላኩት። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ጠየቁ። በእነዚያው አካባቢዎች፣ ያንኑ ጥያቄ። ዋጋው በ2006 ጣሪያ ነክቶ ሲገለበጥ፣ በስማቸው የሚጠራው መለኪያ በሚከታተላቸው ሃያ ከተሞች እስከ 2012 ሲሶ ያህሉን ሲያጣ፣ የሰዎች ግምት እንዴት አብሮ እንደወረደ የሚያሳይ መዝገብ በእጃቸው ነበር። ያን መዝገብ ገንዘብ ያለው ሁሉ በኋላ ተነስቶ ሊያዘጋጀው አይችልም። ያለፈውን ዓመት ግምት ዘንድሮ መጠየቅ አይቻልምና።

ኬስ በ2016 በ69 ዓመቱ አረፈ። ኖቤሉን አልተጋራም። ተማሪዎቹ ግን ዛሬም ድረስ የሚያነሱት የመግቢያ ኮርሱን እንደሆነ አንብቤያለሁ። ከሬይ ፌር ጋር የጻፈው የኢኮኖሚክስ መግቢያ መጽሐፍም በብዙ አገር ተማሪ እጅ ገብቷል።

ይህን ሁሉ ሳነብ ትዝ የሚለኝ ጎጃም ነው። ተማሪ ሳለሁ ክረምት ላይ ለአንድ ጥናት መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ገጠር ወርጄ ነበር። መጠይቁ ወፍራም ነው። መሬት፣ ከብት፣ እህል፣ ብድር፣ የታመመ ሰው፣ ሁሉም ነገር ይጠየቃል። አንድ ሽማግሌ ደጃፋቸው ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ተቀበሉኝ። ስለ መሬታቸው ስጠይቃቸው በሄክታር አልነገሩኝም። ማሳዎቹን በየስማቸው እየጠሩ ይህ ሁለት ጥማድ፣ ያ አንድ ጥማድ አሉኝ። በሬ ላይ ስደርስ ፈገግ አሉ።

«አምና የመጡት ልጆችም ይህንኑ ጠይቀውኝ ነበር። እነሱ ዘንድ አልተጻፈም?»

«ተጽፏል አባቴ። አምና ሁለት በሬ ነበረዎት።»

«ዘንድሮ አንድ ነው።»

«ሁለተኛውስ?»

ዝም አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው ነገሩኝ። ባለቤታቸው ታመው ባሕር ዳር ወስደው አሳክመዋቸው ነበር። በሬው ለዚያ ተሸጠ። አሁን ከጎረቤት በሬ ጋር አጣምደው ያርሳሉ፤ የሚያርሱትም ጎረቤቱ ከጨረሰ በኋላ ነው። ዘንድሮ ዘግይተው ዘሩ። ጤፉ ሳይደርስ ዝናቡ እንዳይቆምባቸው ይሠጋሉ።

አንድ ጊዜ ብቻ የሄደ ጠያቂ ቢሆን ወረቀቱ ላይ የሚጽፈው «በሬ፣ አንድ» ብቻ ነው። ባለ አንድ በሬ ገበሬ ብሎ ይመዘግባቸዋል። ሁለት በሬ እንደነበራቸው፣ ሕመም በሬ እንደሚበላ፣ በሬ ያጣ ሰው ዘግይቶ እንደሚዘራ የሚታየው የአምናው ወረቀት አጠገቡ ሲኖር ነው። ኬስ የቦስተንን ቤት ከራሱ ጋር እንዳወዳደረ፣ እዚህም ቤተሰቡ የሚወዳደረው ከራሱ ጋር ነው።

ይህን በማድረግ ረገድ እኛ ባዶ እጃችንን አይደለንም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ ትምህርት ክፍል ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲና ከዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ጋር የሠራው የገጠር ቤተሰቦች ጥናት አለ። በ1989 በጥቂት መንደሮች ተጀመረ። በ1994 ወደ 15 መንደሮችና 1,500 ለሚጠጉ ቤተሰቦች ሰፋ። እስከ 2009 ድረስ ወደ እነዚያው ቤተሰቦች ደጋግመው ተመለሱ። ምሥራቅ ጎጃም ያለችው የትመን አንዷ ናት። ትግራይ ውስጥ ሐረሳው፣ ጉራጌ ውስጥ እምድብር አሉበት። ድርቅ የመታው ቤተሰብ ከስንት ዓመት በኋላ ያገግማል የሚለውን የዓለም ኢኮኖሚስቶች ሲከራከሩ ከሚጠቅሱት መረጃ አንዱ ይህ ነው። አገራችን ውስጥ ከተሠሩት የኢኮኖሚክስ ሥራዎች በጣም የምኮራበት እሱ ነው። የምኮራውም ሰዎቹ ስለተመለሱ ነው።

ወደ ትንንሾቹ ኮሌጆች ልመለስና ሌላ ምሳሌ ልጨምር። ይኸኛው ዶርም የኖረን ሰው ሁሉ ይነካዋል።

ዊሊያምስ ኮሌጅ በማሳቹሴትስ ምዕራባዊ ጫፍ፣ ተራራ ሥር ነው ያለው። ተማሪዎቹ 2,000 ገደማ ናቸው። ዴቪድ ዚመርማን የሚባል የኢኮኖሚክስ መምህር እዚያው ጊቢ ውስጥ አንድ ነገር አስተዋለ። አዲስ ገቢ ተማሪዎች ዶርም ሲመደቡ የትምህርት ችሎታቸው አይታይም። ጎበዝ ከጎበዝ፣ ደካማ ከደካማ ተብሎ አይደለም የሚመደቡት። ዕጣ እንደማውጣት ነው። እንግዲህ የዶርም ጓደኛ በውጤት ላይ ያለው ተጽዕኖ ሊለካ ይችላል ማለት ነው። ጓደኛህን ራስህ ብትመርጥ ኖሮ አይለካም ነበር፤ ጎበዝ ጎበዝን ይመርጣልና።

በ2003 ባሳተመው ጥናት ያገኘው መጠነኛ ነገር ነው። ከመካከለኞቹ ተማሪዎች ወገን የሆነ ልጅ በኮሌጅ መግቢያው የቋንቋ ፈተና ዝቅተኛ ውጤት ካለው ልጅ ጋር ሲኖር ውጤቱ ትንሽ ዝቅ ይላል። የቋንቋው ውጤት ከሒሳቡ ይልቅ ይታያል። ተጽዕኖው ትልቅ አይደለም፤ እሱም ትልቅ ነው አላለም። እንዲህ ያለውን ልክ የሚያውቅ ጽሑፍ እወዳለሁ።

አሁን የእኛን ዶርም አስቡት። ከአንዱ የአገሪቱ ጫፍ የመጣ ልጅ፣ ከሌላው ጫፍ ከመጡ አምስትና ሰባት ልጆች ጋር ተደራራቢ አልጋ ላይ ይተኛል። ምደባው በስም ፊደል ቅደም ተከተል የሚሆንበት ጊዜ አለ። ማን ከማን ጋር እንደኖረ ፕሮክተሩ ደብተር ላይ አለ። ውጤታቸው ሬጅስትራር ቢሮ አለ። የውጤት ጉዳይ ብቻ አይደለም ጥያቄው። አብረው የኖሩ ልጆች አንዱ የሌላውን ቋንቋ ይለምዳሉ? ከተመረቁ በኋላ ሥራ ይጠቋቆማሉ? በሰርግ ይጠራራሉ? ይህን ለመጠየቅ የውጭ እርዳታ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው እዚያው ያለ መምህርና የልጆቹን ስም የሚጠብቅ ጥንቃቄ ነው።

ዊሊያምስ ላይ ሌላም ነገር ሠርተዋል። ጎርደን ዊንስተንና ካትሪን ሂል የራሳቸውን ቤት ነው የመረመሩት። እንደ ዊሊያምስ ያሉ 28 ውድ የግል ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ከአገሪቱ ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው 40 በመቶ ቤተሰቦች የመጡት ተማሪዎች ስንት ናቸው ብለው ጠየቁ። መልሱ 10 በመቶ ብቻ ሆነ። ጎበዝና ድኻ የሆኑ ልጆች ከዚያ በላይ እንዳሉም አሳዩ። ደመወዝ የሚከፍልህን ቤት ገመና በቁጥር ማውጣት ድፍረት ይጠይቃል። ሂል በኋላ ቫሳር የተባለውን ኮሌጅ በፕሬዚዳንትነት ስትመራ የአገሬው አመልካቾች የመክፈል አቅም ሳይታይ የሚገቡበት አሠራር እንደገና እንዲጀመር አድርጋለች። ጥናቷ መደርደሪያ ላይ አልቀረም።

ይህ የመክፈል ጉዳይ እዚህ ያለውን ሀበሻ በቀጥታ ይነካዋል። አንድ ምሽት ካምብሪጅ ካለች ወዳጄ ቤት ሄጄ ነበር። አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ለሊት ፈረቃ። ልጇ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ጎበዝ ልጅ። ኮምፒውተሩ ላይ የዌልስሊ የዓመት ክፍያ ወጥቷል። ከ80 ሺህ ዶላር በላይ። እናትየዋ ቡናውን እየቀዳች አየችውና «ወንድሜ፣ ይሄ ለኛ የተሠራ አይደለም» አለችኝ። ልጅቷ ገጹን ልትዘጋው ነበር።

እዚያው ዌልስሊ ውስጥ ፊሊፕ ሌቪን የሚባል የኢኮኖሚክስ መምህር አለ። የተለጠፈው ዋጋና ቤተሰቡ በእውነት የሚከፍለው ዋጋ የሰማይና የምድር ያህል እንደሚራራቅ ያውቃል። ስለዚህ በ2013 አንድ ማስያ ሠራ። ጥቂት ጥያቄዎች ብቻ ነው የሚጠይቀው። ገቢያችሁ ስንት ነው? ቤት አላችሁ? ቁጠባስ? ከዚያ የሚከፈለውን ገንዘብ ግምት፣ ዝቅ ሲልና ከፍ ሲል ከሚሆነው ጋር ይሰጣል። ዛሬ ሌሎች ብዙ ኮሌጆችም ይጠቀሙበታል። ያን ምሽት ሞላነው። የወጣው ቁጥር እናትየዋን ወንበር ስባ እንድትቀመጥ አደረጋት። «እንደገና ሙላው እስቲ» አለችኝ። እንደገና ሞላሁት፤ ያው ወጣ። ዋጋው ገና ከሩቁ አስፈርቷቸው ሳያመለክቱ የሚቀሩ ልጆች በየከተማው አሉ። ስለዚህ ይህን የምታነቡ ወላጆች ኮሌጁ ተወዷል ብላችሁ ከመተዋችሁ በፊት እባካችሁ መጀመሪያ አስሉት።

ይኸው ሌቪን ያኔ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ታስተምር ከነበረችው ሜሊሳ ኪርኒ ጋር ሆኖ ሌላ አስደናቂ ነገር ሠርቷል። ሰሳሚ ስትሪት የሚባለው የልጆች ፕሮግራም በ1969 ሲጀመር ሁሉም የአሜሪካ ቤት አይደርሰውም ነበር። ሲሶ ያህሉ ሕዝብ በአንቴናና በጣቢያ ዓይነት ምክንያት ጥርት አድርጎ አያየውም። እነሱም ይህን አጋጣሚ ይዘው ሥርጭቱ የደረሰባቸውን አካባቢ ልጆች ካልደረሰባቸው ጋር አነጻጸሩ። ያዩት ልጆች በዕድሜያቸው ልክ የሆነ ክፍል ላይ የመገኘት ዕድላቸው የተሻለ ሆነ። በተለይ ችግር በበዛባቸው አካባቢዎች።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ግን ልክ አይሆንም። እነዚህ ኮሌጆች ሀብታሞች ናቸው። ዊሊያምስና ዌልስሊ እያንዳንዳቸው በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር የተጠራቀመ ሀብት አላቸው። መምህሩ የቤት ኪራይ አያሳስበውም። ሳባቲካሉ ሲደርስ ደመወዙ አይቋረጥም። የእኛ መምህር ደግሞ ኑሮውን ለመሙላት ማታና ቅዳሜ በሌላ ኮሌጅ ያስተምራል፣ የአማካሪነት ሥራ ይፈልጋል፣ ለማዕረግ ዕድገት የሚቆጠርለትን ጽሑፍ ይጽፋል። አማካሪ ሆኖ የሚሠራው ጥናት ደግሞ ጥያቄው የገንዘብ ሰጪው ነው። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ጥያቄውም ያልቃል። መረጃው በአንድ ሰው ላፕቶፕ ውስጥ ይቀራል፤ ላፕቶፑ ሲበላሽ አብሮ ይጠፋል። ይህ የመምህሩ ስንፍና አይደለም። በዚያ ደመወዝ ሠላሳ ዓመት አንድ ጥያቄ ይዞ ቁጭ በል ማለት አይቻልም። የመምህራን ኑሮ ካልተስተካከለ ስለ ምርምር የሚወራው ሁሉ ወሬ ነው።

ያም ሆኖ እጃችን ላይ ያለ አንድ ነገር አለ። ሲኒየር ኤሴይ።

በየዓመቱ በየዩኒቨርሲቲው የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ይጽፋሉ። ብዙዎቹ መጠይቅ ያዘጋጃሉ፤ መቶ ወይም ሁለት መቶ ሰው ይጠይቃሉ። የቁጠባ ልማድ፣ የጥቃቅንና አነስተኛ ብድር፣ የወጣቶች ሥራ አጥነት። ተማሪው ይመረቃል፤ ጽሑፉ ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። የሚቀጥለው ዓመት ተማሪ እንደ አዲስ ሌሎች ሁለት መቶ ሰዎች ይጠይቃል። ያ ሁሉ ጉልበት በየዓመቱ ከዜሮ ይጀምራል። ልጆቹ ያን ያህል ደክመው አንዱ ሥራ በሌላው ላይ ሳይደረብ መቅረቱ ያሳዝነኛል።

እኔ ብሆን የምጀምረው በቤት ኪራይ ነው። የቤት ሽያጭ ለእኛ ያስቸግራል። ግብር ለመቀነስ ተብሎ ውል ላይ የሚጻፈው ዋጋና እጅ ለእጅ የሚከፈለው አይገናኙም። እውነተኛውን ዋጋ የሚያውቀው ደላላው ነው። ኪራይ ግን ተከራዩን ብትጠይቁት ይነግራችኋል፤ ምሬቱ አፉ ላይ ነው ያለው። በ2024 (በእኛ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም.) የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅም ውል ይመዝገብ፣ ጭማሪውም ገደብ ይኑረው ብሏል። አዋጁ ሰውን ጠቅሟል ወይስ ጎድቷል? ሁሉም ሰው አስተያየት አለው። ያንኑ ቤት ከአዋጁ በፊትና በኋላ የጠየቀ ሰው ቢኖር ክርክሩ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር።

አንድ ትምህርት ክፍል በዩኒቨርሲቲው ዙሪያ ስልሳ የሚከራዩ ቤቶች ይምረጥ። ደብረ ማርቆስ ይሁን፣ ጅማ ይሁን፣ ሐዋሳ። ሰርቪስ ቤት፣ ኮንዶሚኒየም፣ ግቢ ውስጥ ያለ አንድ ክፍል፣ ሁሉም ይግባ። ቤቱ ነው የሚመረጠው፣ ተከራዩ አይደለም። ተከራዩ ቢለቅ የገባው ሰው ይጠየቃል። ጥያቄዎቹ ጥቂት ይሁኑ፤ ኪራዩ ስንት ነው፣ የስንት ወር ቅድሚያ ተከፈለ፣ ባለፈው ዓመት ተጨመረ ወይ፣ ውሃና መብራት በማን ነው፣ ባለፈው ዓመት የነበረው ሰው ለምን ለቀቀ። ክፍሉ ታድሶ ከሆነ ይጻፍ። ሰኔ ላይ አንድ ተመራቂ ይህን ይሠራል፤ የራሱን አንድ ጥያቄ ይጨምርበታል፤ ሲኒየር ኤሴዩ ይሆነዋል። ከዚያ ደብተሩንና ፋይሉን ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ያስረክባል። የመጀመሪያዋ ተማሪ ብዙ ነገር ማለት አትችልም። አራተኛው ግን ከተማው ውስጥ ማንም የሌለው መረጃ ይዞ ይመረቃል።

ይህን ለመጀመር የሚያስብ መምህር ካለ ይጻፍልኝ። መጠይቁን አብሬ አዘጋጃለሁ። የአሰባሰቡንና የስሌቱንም ነገር የማውቀውን ያህል እረዳለሁ።